አንድ ቁና፣ ብዙ እህል

ፕሮግራሚንግ ለሚጀምሩ ወጣቶች ደጋግሞ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ። «መጀመሪያ ክላስና ውርስ በደንብ ይግባችሁ፤ ጀነሪክ፣ ኤክስቴንሽን ሜተድ የሚባለው ነገር ትልልቅ ድርጅት ስትገቡ ትደርሱበታላችሁ» ይባላሉ። ጠበቅ ያለው መምህር ደግሞ «እሱ ስኳር ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ያለ ስኳርም ቡና ይጠጣል ማለቱ ነው። ምክሩ ከአሠልጣኝ ወደ ሠልጣኝ፣ ከሠልጣኝ ወደ ተከታዩ ሲወርድ ቆይቶ ማንም የማይጠይቀው እውነት መስሏል። እኔ ግን የተሳሳተ ምክር ነው እላለሁ። ለሎንዶን ወይም ለቶኪዮ ፕሮግራመር ስሕተቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ላሊበላ ተቀምጦ ለላስታ ሰው ፕሮግራም ለሚጽፍ ልጅ ግን ከባድ ነው። እሱ የሚሠራባቸው ቋንቋዎች ጳጉሜን ቆጥረው በማያውቁ፣ ሃሌታው «ሀ» ከብዙኃኑ «ኀ» ጋር አንድ ድምፅ መሆኑን ሰምተው በማያውቁ ሰዎች የተሠሩ ናቸው። ያንን ክፍተት ቋንቋውን ሳያፈርስ የሚሞላባቸው መሣሪያዎች ደግሞ እነዚያው ጌጥ የተባሉት ሁለቱ ናቸው።

ጀነሪክ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ የወጣ ሰው ቁናን ያያል። ጤፍ የምትሸጠው ሴት፣ ገብስ የጫነው ገበሬ፣ ባቄላ የዘረጋችው ልጅ የሚሰፍሩት በዚያው በቁና ነው። የጤፍ ቁና፣ የገብስ ቁና ተብሎ ለየብቻ አይሰፋም፤ ሰፊዋ ስትሰፋው ምን እንደሚሰፈርበት ማወቅ አይጠበቅባትም። ይሁን እንጂ ጤፍ ተብሎ የተጀመረ ስፍር እስከ መጨረሻው ጤፍ ነው፤ መሐል ላይ ገብስ ጣል ቢደረግበት ገዢው እዚያው ይይዘዋል። ማርን ደግሞ ማንም በቁና አይሰፍርም። ጀነሪክ የሚባለው እነዚህ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። መሣሪያው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለብዙ ዓይነት ያገለግላል፤ ዓይነቱ ከተመረጠ በኋላ አይደባለቅም፤ የማይሰፈረውን ደግሞ ገና ከበሩ ይመልሳል። ፕሮግራመሮች «ቲ» በምትባል አንዲት ፊደል የሚያመለክቷት ቦታ የእህሉ ቦታ ናት። «ቲ የሚነጻጸር መሆን አለበት» የሚለው ገደብም ማሩን የሚመልሰው ነው።

ጀነሪክ ከመምጣቱ በፊት ምን ይደረግ እንደነበር የሠራበት ያውቀዋል። ሲ ሻርፕ በሚሠራበት በዶት ኔት የመጀመሪያ ዓመታት «አሬይ ሊስት» የሚባለው መያዣ ሁሉን ይቀበል ነበር፤ ቁጥርም፣ ስምም፣ ቀንም። መቀበሉ ደግነት አልነበረም። ፕሮግራመሩ መልሶ ሲያወጣ «ይህ ጤፍ ነው» ብሎ መማል ነበረበት፤ መሐላው ሐሰት ከሆነ ፕሮግራሙ የሚወድቀው ሲጻፍ ሳይሆን ደንበኛው ፊት ሲሠራ ነው። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2004 በአምስተኛ እትሙ፣ ሲ ሻርፕ ደግሞ በ2005 በሁለተኛ እትሙ ጀነሪክን ያስገቡት ከዚህ ለመውጣት ነበር። የዶት ኔቱን የነደፉት ዶን ሳይምና አንድሩ ኬኔዲ በካምብሪጅ የማይክሮሶፍት ምርምር ማዕከል ይሠሩ ነበር። «ቅንጦት ነው» የሚለውን ክርክር ከሁሉ በላይ የያዘው ጎ የተባለው የጉግል ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ሲሆን ያለ ጀነሪክ ነበር፤ ከ12 ዓመት በላይ ያለ እሱ ቆየ፤ በመጨረሻ በማርች 2022 በ1.18 እትሙ አስገባው። ቀላልነትን ከሁሉ በላይ የሚያስቀድም ቋንቋ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ከተቀበለው፣ ጌጥ ነው የሚለው ክርክር እዚያው አበቃ።

ኤክስቴንሽን ሜተድ ሲ ሻርፕ ውስጥ የገባው በኖቬምበር 2007 ከ3.0 እትሙ ጋር ነው። ሌላ ሰው የሠራውን ክላስ ሳትከፍት፣ ሳትወርስ፣ የራስህን ተግባር ከውጭ ትጨምርለታለህ፤ ስትጠራው ግን ከክላሱ ጋር የተወለደ ይመስላል። «ስኳር ነው» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ኮምፓይለሩ ጥሪውን ወደ ተራ ስታቲክ ሜተድ እንደሚለውጠው እውነት ነው። ነገር ግን ይህን የሚለው ሰው ራሱ በቀን መቶ ጊዜ «ዌር»፣ «ሴሌክት»፣ «ኦርደር ባይ»፣ «ግሩፕ ባይ» ብሎ ይጽፋል። እነዚህ ሁሉ ከማንኛውም ኮሌክሽን ጋር አብረው የተወለዱ አይደሉም፤ በጀነሪኩ ኢንተርፌስ ላይ ከውጭ የተቀጠሉ ኤክስቴንሽን ሜተዶች ናቸው። የሲ ሻርፕ ነዳፊዎች እነ አንደርስ ሄይልስበርግ እነዚህ ሜተዶች የሚኖሩበትን ሊንክን ሲነድፉ በደርዘን የሚቆጠሩ አዳዲስ ተግባራትን ለሊስቱም፣ ለድርድሩም፣ ለዲክሽነሪውም፣ ገና ላልተጻፈውም መያዣ መስጠት ፈለጉ። ተግባራቱን ወደ ኢንተርፌሱ ቢጨምሯቸው ኖሮ ኢንተርፌሱን ተግባራዊ ያደረገ የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ ኮዱ ይሰበርበት ነበር። ጃቫም እ.ኤ.አ. በ2014 በስምንተኛ እትሙ ስትሪም የተባለውን ሲያመጣ ያው ችግር ገጥሞት በሌላ መንገድ፣ ኢንተርፌሱ ውስጥ ራሱ አካል ያላቸው ሜተዶች በመፍቀድ ነው ያለፈው። የቋንቋው ባለቤቶች የገዛ ቤታቸውን ለማስፋት ያስፈለጋቸውን መሣሪያ እንግዳ ለሆንን ለእኛ ቅንጦት ነው ማለት ከየት የመጣ ነው?

እንግዳ ነን ያልኩት በምክንያት ነው። ዶት ኔት ውስጥ ተሠርተው የተቀመጡ የዘመን አቆጣጠሮች አሉ፤ የዕብራውያን፣ የሂጅራ፣ የፋርስ፣ የታይላንድ ቡድሂስት፣ የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የታይዋን፣ ሌላው ቀርቶ የዩልዮስ አለ። የኢትዮጵያ የለም። ጃቫ በስምንተኛ እትሙ ያመጣው አዲሱ የቀን ላይብረሪም የታይላንዱን፣ የጃፓኑን፣ የሂጅራውን ሲይዝ የእኛን አልያዘም፤ ከዋናው ውጭ ባሉ እንደ ጆዳ ታይም ባሉ ላይብረሪዎች ግን ይገኛል። ስለዚህ ሲ ሻርፕ የሚጽፍ የኢትዮጵያ ልጅ የመጀመሪያ ቀኑን በዕዳ ይጀምራል።

ወደ አንድ ተራ ሥራ ልውሰዳችሁ። ላሊበላ ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ፈለገ እንበል። ለልደት ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ በአውሮፕላን የሚመጣ ነው፤ አልጋ የያዘው በፈረንጅ ቀን፣ ሰዓቱም በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሌላው ከየአውራጃው ቀናት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ ተሳላሚ ነው፤ የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ የሚቀበለው። እሱ «ታኅሣሥ 26 እገባለሁ» ብሎ ነው የላከው። «ሦስት ሰዓት» ሲልም ጠዋት ማለቱ ነው። ሁለቱም እዚያው አንድ ሊስት ውስጥ ይገባሉ። ባለቤቷ የምትጠይቀው ጥያቄ ደግሞ ቀላል ነው። በልደት ዋዜማ ስንት አልጋ ተይዟል? በታኅሣሥ ምን ያህል ገቢ ገባ? በበጀት ዓመቱስ?

ውርስን አስቀድሞ ጀነሪክን ለኋላ የተወው ሠልጣኝ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። የእንግዶቹን ሊስት በሉፕ ይዞራል፤ እያንዳንዱን ቀን እዚያው ሉፑ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ ይለውጣል፤ በወር ይደምራል። ሠራለት። ቀጥሎ የደረሰኞች ሊስት ይመጣል፤ ያንኑ ሉፕ ገልብጦ «እንግዳ» የነበረውን «ደረሰኝ» ይለዋል። ከዚያ የሠራተኞች መገኛ መዝገብ ይመጣል፤ ይገለብጣል። ከዚያ የወጥ ቤቱ ዕቃ ግዢ። አራት ቅጂ ሆነ። አራቱም ውስጥ ጳጉሜ አለች፤ አራቱም ውስጥ የአራት ዓመቱ ዑደት አለ። አንዱ ቅጂ ላይ ጳጉሜ 6 እንደምትሆን ተረሳ። ስሕተቱ የሚታየው በአራት ዓመት አንድ ቀን ስለሆነ፣ የሚታወቀው ልጁ ሌላ ሥራ ይዞ ከሄደ በኋላ ነው።

አሁን ቁናውን እንስፋ። መጀመሪያ በ«ዴት ታይም» ላይ «በእኛ_ቀን» የሚባል ኤክስቴንሽን ሜተድ ይጻፋል። ስሙን በፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ሲ ሻርፕም ጃቫም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላሉ፤ ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ዕድሜያቸውን «ገት ኢትዮ ዴት» ሲሉ ይኖራሉ። ስሌቱ የማንም ሊቅ ምሥጢር አይደለም። 12 ወር በ30 ቀን፣ ጳጉሜ 5 ወይም 6፤ አራት ዓመት ሲሞላ 1461 ቀን። ከመስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ቀናት ቆጥሮ በ1461 ማካፈል፣ ቀሪውን በ365 ማካፈል፣ የመጨረሻውን ቀሪ በ30 ማካፈል ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የዑደቱ ስድስተኛዋ ጳጉሜ የምትውለው በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስለሆነ ማካፈሉ እዚያ ላይ አንድ ቀን እንዳያንሸራትት ይታረማል። ይህ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ይጻፋል፤ ይፈተሻል፤ ይዘጋል።

ቀጥሎ የጀነሪኩ ተራ ነው። «በወር_መድብ» የሚባል ሜተድ በማንኛውም የ«ቲ» ስብስብ ላይ ይቀጠላል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከቲ ውስጥ ቀኑን የት አገኘዋለሁ?» ይላል። ለእንግዳው የመግቢያ ቀኑን፣ ለደረሰኙ የተቆረጠበትን ቀን፣ ለሠራተኛው የፈረመበትን ቀን ትነግረዋለህ። እሱ በ13ቱ ወር መድቦ ይመልስልሃል። የመለሰውም ያልታወቀ ዕቃ አይደለም፤ እንግዳ ከሰጠኸው የእንግዶች ምድብ፣ ደረሰኝ ከሰጠኸው የደረሰኞች ምድብ ነው፤ ኮምፓይለሩ ያውቀዋል፤ መሐላ የለም። አራቱ ቅጂዎች አንድ ሆኑ። ነገ ማረፊያው በቅሎ ማከራየት ቢጀምርና ወደ አሸተን ማርያም የሚወጡ መንገደኞችን መዝገብ ቢይዝ፣ ሜተዱ ያንንም ዛሬውኑ ያውቃል። ውርስ ይህን ሊሠራ አይችልም። እንግዳ፣ ደረሰኝ፣ የሠራተኛ ፊርማና በቅሎ የጋራ አያት የላቸውም፤ «ቀን ያለው ነገር» የሚል አያት ፈጥሮ ሁሉንም ከሱ ማስወለድ ደግሞ የዘመድ ሐረግ መፈብረክ ነው።

የበጀት ዓመቱን ጥያቄ ይኸው መንገድ ይመልሰዋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ አዲስ ዓመቱ ደግሞ መስከረም 1 ነው። በፈረንጅ ወር የመደበ ሪፖርት ሁለቱንም ይስታል፤ ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል ጁላይ ከሁለት የበጀት ዓመት ተቆርሶ የተሰፋ ወር ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርቱን በኤክሴል እንደገና በእጅ የሚያስተካክሉ ሠራተኞች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። «በበጀት_ዓመት_መድብ» ከ«በወር_መድብ» የሚለየው በአንድ መስመር ነው።

ልደት ራሱስ? እዚህ ላይ ብዙ ፕሮግራም ይወድቃል። ልደት ታኅሣሥ 29 ነው ብሎ ቁጥሩን እንዳለ የጻፈ ሰው ሦስት ዓመት ልክ ነው፤ በአራተኛው ይሳሳታል። በዘመነ ዮሐንስ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። ምክንያቱ ውብ ነው። ፅንሰቱ መጋቢት 29 ነው፤ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ጳጉሜ 5 በምትሆንበት ዓመት ቢቆጠር 275 ቀን ይመጣል። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን የሚባለው ይህ ነው። ጳጉሜ 6 ከሆነች ግን እስከ 29 ድረስ 276 ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ወደኋላ ተመልሶ በ28 ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። በፈረንጁ በኩል ሲታይ ልደት ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም፤ ጥምቀት ግን ጥር 11 ላይ ስለሚጸና በፈረንጁ አንዳንዴ 19፣ አንዳንዴ 20 ይውላል። አንዱ በዓል በአንዱ አቆጣጠር ይጸናል፣ በሌላው ይንቀሳቀሳል፤ ሌላው የዚያ ግልባጭ ነው። የፈረንጅ ቀን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ጥምቀትን ይስታል፤ የእኛን ቀን በደረቁ የያዘ ፕሮግራም ልደትን ይስታል። ጥምቀትን «በእኛ_ቀን» ያድነዋል፤ ልደትን የሚያድነው ደግሞ «ልደት» የሚባል አንድ አጭር ሜተድ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ያካፍላል፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው፣ 28 ይመልሳል፤ ያለዚያ 29። የቆሎ ተማሪው በባሕረ ሐሳብ የሚያውቀውን ፕሮግራመሩ አለማወቁ ያሳዝናል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ዕውቀቱ ጠፍቶ ሳይሆን ማስቀመጫ ቦታ ስላልተማረ ነው።

ከቀኑ ወደ ስሙ ልለፍ። እንግዳው ከሁለት ዓመት በፊት መጥቶ «ኃይሉ» ተብሎ ተመዝግቧል። ዘንድሮ የመዘገበችው ልጅ «ሀይሉ» ብላ ጻፈችው። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አደረገው። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲቀበል ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጥቷል፤ ሃሌታው «ሀ» እና ብዙኃኑ «ኀ» በ128 ቦታ ይራራቃሉ፤ እሳቱ «ሰ» ከንጉሡ «ሠ» በ16፣ አልፋው «አ» ከዐይኑ «ዐ» በ48። በቁጥሩ ቢደረደሩ «ሀይሉ» ከመዝገቡ ራስ፣ «ኃይሉ» ከመሐሉ ይገኛል፤ በመካከላቸው እነ ለማ፣ እነ መኰንን፣ እነ ሰሎሞን ይገባሉ። እኛ ሞክሼ የምንላቸውን ፊደላት ዝምድና ማሽኑ አያውቅም።

ብዙ ፕሮግራመር የሚያደርገው ስሙን ሲመዘገብ መለወጥ ነው፤ «ኃ»ን ሁሉ «ሀ» አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይህ ቸልታ ብቻ ሳይሆን በደል ነው። ሰው ስሙን የሚጽፍበት ፊደል የራሱ ነው። በግዕዙ «ሠረቀ» ብሎ ወጣ፣ «ሰረቀ» ብሎ ደግሞ ሌባው ወሰደ ነው፤ ይህን አንድ ማድረግ ቋንቋውን መስረቅ ነው። ጀነሪክ ኮሌክሽን ግን ሦስተኛ መንገድ ይሰጣል። ሀሽ ሴቱም ዲክሽነሪውም ሲፈጠሩ «ሁለት ቲዎች አንድ የሚሆኑት መቼ ነው?» ብለው የሚጠይቁት ዳኛ መቀበል ይችላሉ። ለስትሪንግ አንድ የሞክሼ ዳኛ ጻፉለት፤ ሲያነጻጽር ብቻ «ኃ»ን እንደ «ሀ» ያያል፤ ከዚያ ውጭ ፊደሉን አይነካም። «ኃይሉ» እንደ ኃይሉ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ግን በሀይሉም ይገኛል። ይኸው ዳኛ ለማረፊያው መዝገብ፣ ለጤና ጣቢያው ካርድ፣ ለትምህርት ቤቱ ሮስተር፣ ለቀበሌው ዝርዝር ያገለግላል። ስማችን የራስና የአባት እንጂ የቤተሰብ ስም የሌለበት በመሆኑም «በስም_ደርድር» የሚባለው ሜተድ በመጀመሪያው ስም ጀምሮ በአባት፣ ቀጥሎ በአያት ይደረድራል፤ የፈረንጁ ደንብ ግን ከመጨረሻው ስም ስለሚጀምር የአያቶችን ዝርዝር ያወጣልናል።

«ታዲያ ለምን አንወርስም? የእኛ ቀን፣ የእኛ ስም የሚባል ልጅ ክላስ አንፈጥርም?» የሚል ይኖራል። ምክሩ ያስተማረው ይህን ነውና። መልሱ አጭር ነው፤ አይቻልም። በሲ ሻርፕ ስትሪንግ የታሸገ ክላስ ነው፤ ዴት ታይም ደግሞ ስትራክት ስለሆነ ከሱ የሚወረስ የለም። ጃቫም ስትሪንግን ዘግቶታል። ለእኛ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ዓይነቶች፣ ጽሑፍና ቀን፣ ለውርስ ዝግ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ጎኑ ላይ ሌላ ክፍል ልቀጥል ብትል የምትቀጥልበት የለም፤ የምትጠርበው ድንጋይ ሁሉ ከራሱ ላይ የሚቀነስ ነው። ዝግ ዓይነት እንዲህ ነው። በላዩ ላይ ልትሠራ የምትችለው ከውጭ፣ ሳትነካው ብቻ ነው። ከዜሮ «የኢትዮጵያ ቀን» የሚባል አዲስ ክላስ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ዳታ ቤዙ አያውቀውም፣ የአየር መንገዱ ሲስተም አያውቀውም፣ ባንኩ አያውቀውም፤ በየበሩ አስተርጓሚ ይፈልጋል።

ከዜሮ የራስን መሥራት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ዐይተነዋል። ከዩኒኮድ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር ሲጻፍ እንደ ፓወር ግዕዝ፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የፊደል ኮድ ነበራቸው። ባለሙያዎቹ የደከሙበትን ማንም አያጣጥልም፤ እነሱ ባይኖሩ ጋዜጣው አይታተምም፣ ደብዳቤው አይጻፍም ነበር። ሆኖም በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ማንም የማይከፍታቸው እንደዚያ ያሉ ፋይሎች አሉ። ያዳነን የራሳችንን ለብቻ መሥራታችን አልነበረም፤ ዓለም በጋራ በያዘው ሰሌዳ ላይ የእኛ ፊደል መጨመሩ ነው። ለቀናችንና ለስማችን ያንኑ ማድረግ አለብን። የጋራውን ሳንነካ የእኛን እንጨምርበት።

ተቃውሞዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ አልሰጣቸውም። «የጃቫ ጀነሪክ ፕሮግራሙ ሲሠራ ይጠፋል» ይባላል። ይጠፋል፤ ግን ጥበቃው የሚያስፈልገው ሲጻፍ ነው፣ ሲጻፍ ደግሞ አለ። «ሊንክ ከተራ ሉፕ ይዘገያል» ይባላል፤ የአንድ ማረፊያ የዓመት እንግዳ መዝገብ ላይ ልዩነቱን የሚለካ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ። አንድ ከባድ ተቃውሞ ብቻ አለ። ኤክስቴንሽን ሜተድ የጻፍህለት ክላስ ነገ በባለቤቱ ተሻሽሎ ተመሳሳይ ስም ያለው የራሱ ሜተድ ቢኖረው፣ ኮምፓይለሩ ሳይነግርህ የእሱን ይመርጣል፤ የአንተ እዚያው ተረስቶ ይቀራል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከለው የዝናብ መከላከያ ጠለላ አለቱን ሳይቀርጽ ከውጭ የቆመ ነው፤ ክብደቱ ያሠጋል የሚለው ድምፅ ግን ከካህናቱም ከነዋሪውም ዘንድ ሲነሣ ኖሯል። ከውጭ የቆመም ነገር ምሰሶውን የሚያሳርፍበት ቦታ አለ። ስለዚህ ሜተዶቻችን በአንድ የታወቀ ስፍራ ይሰብሰቡ፤ ስማቸው በአማርኛ ይሁን። «በእኛ_ቀን» የሚል ሜተድ ማይክሮሶፍት ከቶ ሊያወጣ አይችልምና ግጭቱ እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ ምክሩ ይገልበጥ። በወልድያም፣ በደሴም፣ በአዲስ አበባም ፕሮግራሚንግ የሚያስተምሩ ሁሉ ጀነሪክ ኮሌክሽንንና ኤክስቴንሽን ሜተድን በመጀመሪያው ዓመት፣ ከውርስ በፊት ያስተምሩ። የእንስሳትና የውሻን፣ የቅርጽና የክብን ምሳሌ ትተው በበጀት ዓመት መመደብን፣ በሞክሼ ስም መፈለግን ያስተምሩ። ያን ያላወቀ ፕሮግራመር ለኢትዮጵያ ሰው መዝገብ ሊሠራ አይችልም፤ የሚሠራው ሁሉ ተርጓሚ የሚፈልግ የውጭ አገር ዕቃ ይሆናል። የቀኑም፣ የስሙም፣ የወሩም ሜተድ አንድ ጊዜ በጋራ ተጽፎ፣ ማንም በነጻ የሚወስደው፣ ማንም የሚያርመው ሆኖ መቀመጥ ይችላል፤ የሁለት ብርቱ ልጆች የአንድ ክረምት ሥራ ነው።

2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜዋ 6 ትሆናለች። በ2020 ዓ.ም. ልደት ታኅሣሥ 28 ይውላል። ፕሮግራማችሁ ምን እንደሚል አሁኑኑ ፈትሹት።